የሊንከን ፔኒ ሰሌዳ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰሌዳው የሚይዘው

የአሜሪካ ፔኒ (የአንድ ሴንት ሳንቲም) ላይ ያለው የአብርሃም ሊንከን ምስል ከ1909 ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ዓመታቱን ሁሉ ሳንቲሙ ላይ እንደተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር እንወስዳቸዋለን። አብዛኛው ሰብሳቢ ዓመት በዓመት ይደረድራል፤ ውጤቱ ከመቶ በላይ ሳንቲም ሆኖ ግማሹ እርስ በርሱ አይለይም። ይህ ሰሌዳ፣ ሳንቲሞች የሚደረደሩበት ቀዳዳ ያለው ካርቶን፣ የሚይዘው ንድፉ ወይም ማዕድኑ የተለወጠበትን ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ አሥራ ሦስት ናቸው።

የስንዴ ዛላ ጀርባ ላላቸው አምስት ቀዳዳ ተይዟል፦ ጀርባው ላይ ቪ.ዲ.ቢ. የሚል ፊደል (የቀራጩ ስም መነሻ) ያለበት 1909፣ ፊደሉ የሌለበት 1909–1917፣ ፊደሉ ትከሻ ላይ የተመለሰበት ከ1918 ወዲህ ያለው፣ የ1943 ብረት፣ እና የ1944–1946። የሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ ያለበት ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ለመዳብ፣ ሌላው ለዚንክ። የ2009 አራት ጀርባዎች አራት ይወስዳሉ። የቀሩት ሁለቱ ከ2010 ጀምሮ ላለው የጋሻ ጀርባና ፒ የሚል ምልክት ላለባት የ2017ቷ የፊላዴልፊያ ፔኒ ናቸው።

የ1944–1946ቱ ቦታ ሊያከራክር ይችላል። የዚያን ጊዜ ውህድ፣ 95 በመቶ መዳብና 5 በመቶ ዚንክ፣ ከ1962 በኋላ የተመታው መዳብ ከያዘው ጋር አንድ ነው፤ በዓይንም በሚዛንም አይለይም። ቦታ የሰጠነው ማዕድኑ ከጦርነት የተረፈ የጥይት ቀለህ ነው ስለተባለ ነው። በጥብቅ መስፈርት ይህ ቀዳዳ መውጣት ነበረበት።

ዕቃ

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ትንሽ ማግኔት፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ ካሊፐር (የስፋት መለኪያ)፣ ከጎን የሚያበራ የጠረጴዛ መብራት፣ የጥጥ ጓንት ወይም በደንብ የታጠበና የደረቀ እጅ። ሳንቲሙ የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ መዳብ ላይ ያረፈ የጣት ላብ ከሳምንታት በኋላ ቡናማ አሻራ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያም አይለቅም።

ሚዛኑን ለማመን የመለኪያ ክብደት መግዛት አያስፈልግም። የአሜሪካ ኒክል፣ አምስት ሳንቲሙ፣ 5.000 ግራም ነው። ብዙ ያላረጁ አምስት ኒክሎች አንድ ላይ ሲጫኑ 25 ግራም አካባቢ ካልሰጡ ሚዛኑ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ጠረጴዛው አልተስተካከለም።

ማጽጃ አያስፈልግም። ኮምጣጤና ጨው፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብረት መወልወያ፣ ሁሉም የመዳቡን ቆዳ ገፈው ሮዝ የሚመስል ሐሰተኛ ቀለም ይተዋሉ፤ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ከመጥፎ ፕላስቲክ የተጣበቀ አረንጓዴ ቅባት ካለ ብቻ ንጹሕ አሴቶን ይፈቀዳል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይደለም፣ ሽቶና ዘይት አለበት። ሳንቲሙ በብርጭቆ ዕቃ ተነክሮ ይቆያል፣ በሁለተኛ ንጹሕ አሴቶን ይታጠባል፣ ሳይታሽ በራሱ ይደርቃል። መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ።

ጥቅሎቹ ሲከፈቱ

የባንክ ጥቅል 50 ፔኒ ነው፤ ሙሉ ሳጥን 50 ጥቅል፣ ማለትም 2,500 ፔኒ በ25 ዶላር። ለስርጭት የሚመታው ፔኒ ኅዳር 2025 ላይ ስለቆመ ሳጥን የሚያዝልህ ቅርንጫፍ ማግኘት እየከበደ ነው፤ ልቅ ጥቅል ግን ይገኛል። በማሽን የተጠቀለለ አዲስ ጥቅል ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፣ ውስጡ ሁሉ አንድ ዓመት ነው። ደንበኛ በእጁ ጠቅልሎ የመለሰው ይሻላል።

ጥቅሉን ሳይከፍቱ ውስጡ ስንት መዳብ እንዳለ መገመት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ዚንክ የሆነ ጥቅል 125 ግራም ይመዝናል፣ ሙሉ መዳብ 155.5። እያንዳንዱ መዳብ 0.61 ግራም ይጨምራል። የወረቀቱን ክብደት ቀንሶ የቀረው 131.1 ከሆነ አሥር ያህል መዳብ አለ ማለት ነው። ሳንቲም ሲያልቅም ስለሚቀል፣ ሲመታም ትንሽ ልዩነት ስለሚፈቀድ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግን የትኛው ጥቅል ቀድሞ እንደሚከፈት ለመወሰን ይበቃል።

ሲከፈት ዓመት ማንበብ አይጀመርም። ሁሉም በጀርባው ይገለበጣል። ስንዴ፣ ሕንፃ፣ ጋሻ፣ ወይም ከእነዚህ ውጭ የሆነ ነገር፤ ዓይን አራቱን በሰከንድ ይለያል፣ የዓመት ቁጥር ግን በሺህ ሲነበብ ዓይን ይደክማልና ያሳስታል። ከሕንፃው ክምር ውስጥ ደግሞ እስከ 1981 ያለው ወደ መዳብ፣ ከ1983 ጀምሮ ያለው ወደ ዚንክ ይሄዳል። 1982 ለብቻው ይቀመጣል።

1982

በዚህ ዓመት መዳብ ስለተወደደ የአሜሪካ ሚንት (ሳንቲም የሚመታው መሥሪያ ቤት) ማዕድኑን በዓመቱ መሃል ለወጠ። የቀድሞው 95 በመቶ መዳብ ነበር፣ 3.11 ግራም። አዲሱ 97.5 በመቶ ዚንክ ሆኖ ላዩ ብቻ በስስ መዳብ ተለበጠ፣ 2.5 ግራም። ስፋቱ 19.05 ሚሊሜትር እንደነበረ ቀረ፤ ስለዚህ ካሊፐር እዚህ ምንም አይነግርህም። ከ2.4 እስከ 2.6 ያነበበ ዚንክ ነው፣ ከ3.0 በላይ ያነበበ መዳብ። 2.8 ካነበበ ሚዛኑን ዳግም ፈትሽ፣ ወይም ሳንቲሙ በአሲድ ወይም በእሳት ተጎድቷል። ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን መስማትም ይሠራል፣ መዳቡ ይጮኻል፣ የዚንኩ ድምፅ ድፍን ነው፤ ጥሩ ሳንቲም ግን አይጣልም።

ዓመቱ የተጻፈበት ቁጥር ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ትልቅና ትንሽ። ለመለየት 2ን ታች ማየት ነው፤ በትልቁ የ2 እግር ቀጥ ያለ ነው፣ በትንሹ ይታጠፋል። ሁለቱን ማዕድን፣ ሁለቱን ቁጥርና የተመቱባቸውን ሁለት ከተሞች፣ ፊላዴልፊያንና ዴንቨርን፣ ስታዛምድ በመደበኛነት የተመቱት ሰባት ናቸው። ስምንተኛው፣ ትንሽ ቁጥር ያለው የዴንቨር መዳብ፣ መመታት አልነበረበትም፤ 2016 ላይ አንዱ ተገኝቶ ታወቀ። አጋጣሚው ከሎተሪ አይሻልም፤ ያም ሆኖ ከዓመቱ በታች ዲ (የዴንቨር ምልክት) ያለበትን 1982 ሁሉ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ከባድ ሥራ አይደለም።

የዚንኩ ችግር ያለው ልባጡ ላይ ነው። መዳቡ የሆነ ቦታ ከተሰነጠቀ እርጥበት ገብቶ ዚንኩን ይበላዋል፤ ላዩ ላይ መጀመሪያ አረፋ የመሰለ እብጠት፣ ከዚያ ግራጫ ቀዳዳ ይወጣል። የሚቆም ነገር አይደለም። ለሰሌዳው የሚመረጠው ዚንክ በማጉያ ሲታይ አንድም እብጠት የሌለበት መሆን አለበት።

ስንዴዎቹ

ፔኒው ነሐሴ (ኦገስት) 2 ቀን 1909 ለሕዝብ ወጣ፣ ሊንከን የተወለደበት መቶኛ ዓመት። ቀራጩ ቪክቶር ዴቪድ ብሬነር ነው፣ ከሊትዌኒያ የመጣ ስደተኛ፤ ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥራውን ወድዶለት ነው የተመረጠው። ከዚያ በፊት የነበረው ከ1859 ጀምሮ የተመታው የጄምስ ሎንጋከር «ሕንዳዊ ራስ» (የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ምስል) ነበር። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ቃልም ፔኒ ላይ መጀመሪያ የታየው በብሬነር ሥራ ነው። ጀርባው ሁለት የስንዴ ዛላና ጽሑፍ ብቻ ነው። በእኛ ግምት ከሁሉም ጀርባዎች ያማረው ይህ ነው፤ ጽሑፉ ትልቅ ነው፣ ሲያልቅም ይነበባል።

ብሬነር የስሙን ሦስት መነሻ ፊደላት ጀርባው ግርጌ፣ በሁለቱ የስንዴ አገዳዎች መካከል አስቀመጠ። ጎልተው ወጡ ተብሎ ጩኸት ተነሣ፤ በቀናት ውስጥ የገንዘብ ሚኒስትሩ ፍራንክሊን ማክቬግ እንዲወጡ አዘዙ። ቢ ብቻ ትቅር የሚል ሐሳብም ነበር። የሚንቱ ዋና ቀራጭ ቻርልስ ባርበር ግን በራሱ ሳንቲሞች ላይ ቢ ይጽፍ ስለነበር አልተስማማም፤ ፊደላቱ ፈጽመው ተፋቁ። ባርበር 1917 ሞተ፣ በ1918 ፊደላቱ በጣም አንሰው ተመለሱ፣ የሊንከን ትከሻ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ፣ ከግራ በታች።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ለመሙላት ውዱ የሳን ፍራንሲስኮ 1909 አያስፈልግም፤ እሱ 484,000 ብቻ ነው የተመታው። የፊላዴልፊያው ወደ 28 ሚሊዮን ነው፣ ያኔውኑም ብዙ ሰው አስቀምጦታል፣ ስለዚህ በመጠነኛ ዋጋ ይገዛል። ከጥቅል ግን አይጠበቅም። ሁለተኛው ወጥመድ የትከሻው ፊደል ነው። ከ1920ዎቹ የሆነ ያለቀ ፔኒ ትከሻው ተፍቆ ፊደል የሌለበት ይመስላል። ለሁለተኛው ቀዳዳ ማስረጃው ዓመቱ ነው፣ የፊደሉ አለመኖር አይደለም። መብራቱን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ ሳንቲሙን ማዞር የተፋቀ የሚመስለውን ብዙ ጊዜ ያወጣዋል።

1943

መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒው በዚንክ በተለበጠ ብረት ተመታ፣ 2.7 ግራም ያህል። ከዳይም (ከአሥር ሴንቱ ሳንቲም) ጋር እየተምታታ ሰው አማረረ። ዝገቱ ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ይጀምራል፤ ምክንያቱ የብረቱ ጠፍጣፋ መጀመሪያ ተለብጦ ከዚያ ክቡ ስለሚቆረጥ ጠርዙ ራቁቱን መቅረቱ ነው። ይህ ለገዢ ጥሩ ምልክት ነው። ጠርዙ ጭምር የሚያብረቀርቅና ፊደሎቹ የደበዘዙ 1943 ካየህ፣ በኋላ በግል ሰው እንደገና የተለበጠ ነው። ለሰሌዳው አንወስድም።

በስሕተት መዳብ ላይ የተመቱ ጥቂት 1943ቶች አሉ፣ ውድም ናቸው፤ ለዚህም ሐሰተኛው ይበዛል። ማግኔት ከሳበው በመዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ አበቃ። ካልሳበውና 3.11 ከመዘነ ቀጥሎ የሚታየው 3 ነው፤ ከ1948 ላይ የ8ን ግራ ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉና። የእውነተኛው 3 እግር ረጅም ነው፣ ከዓመቱ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። አጠገቡ ተራ ብረት 1943 አስቀምጦ ማወዳደር ከሁሉ ይቀላል።

በነገራችን ላይ በዚያው ጊዜ የፊላዴልፊያው ሚንት ለኢትዮጵያም ሠርቷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች መጀመሪያ የተመቱት እዚያ ነው፤ የንጉሡን መልክ የቀረጸው የሚንቱ ዋና ቀራጭ ጆን ሲኖክ ነው፣ የሩዝቬልትን ዳይም የሠራው ሰው። አያቶች መሳቢያ ውስጥ ያለችው ቀይ ሳንቲምና የ1944ቷ ፔኒ የአንድ ቤት ሥራ ናቸው።

ሕንፃው

ስንዴው በ1958 ቆመ። በሊንከን 150ኛ ዓመት፣ 1959፣ ፍራንክ ጋስፓሮ የዋሽንግተኑን መታሰቢያ ሕንፃ ጀርባው ላይ አደረገ። ከመካከለኞቹ ዓምዶች መካከል የተቀመጠው ሐውልት በማጉያ ይታያል፣ ስለዚህ ሊንከን በሁለቱም ገጽ አለ። ሐውልቱ ለሰሌዳ ሲመረጥ ጥሩ መለኪያ ነው፦ ጉልበቱና ጭንቅላቱ ከተለየ ምቱ ጥሩ ነው፤ እብጠት ብቻ ከሆነ ማህተሙ (ሳንቲሙን የሚመታው ብረት) አርጅቷል። የ1970ዎቹ ብዙዎቹ በዚህ ይወድቃሉ። በ1974 አሉሚኒየም ተሞክሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመትቶ ነበር፤ አልጸደቀም፣ ተመልሶ ቀለጠ።

በዚህ ክምር ውስጥ የሚፈለገው አሜሪካ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኤ እና ኤም መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ1993 ጀምሮ ለገበያ የተመታው ሁለቱ ፊደሎች ሊነካኩ ይቀርባሉ። ለሰብሳቢ በልዩ ጥራት የሚመታው ግን ሰፊ ክፍተት ነበረው፤ በ1998፣ 1999 እና 2000 የዚህ ማህተም ጀርባ በስሕተት ወደ ተራው ገባ። ማረጋገጫው በሕንፃው ቀኝ ግርጌ ያሉት የጋስፓሮ ፊደላት ናቸው፤ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን እነሱ ወደ ሕንፃው ይጠጋሉ። 1992 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ብርቅ የሆነው ጠባቡ ነው።

መንታ ጽሑፍ፣ እውነተኛውና ሐሰተኛው

ሰሌዳው ላይ ቦታ የለውም፤ ግን ጥቅል የሚከፍት ሁሉ ይጠይቃል። ሳንቲም የሚመታው ማህተም ራሱ ምስሉን የሚያገኘው ከእናት ማህተም ስር ተደጋግሞ በመጫን ነው። በመጫኖቹ መካከል ብረቱ እንዲለሰልስ በእሳት ይገባል። ሲመለስ በፀጉር ያህል ከዞረ ሁለት ምስል ይቀረጽበታል፤ ከዚያ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ መንታ ነው። የ1955ቱ የፊላዴልፊያ ፔኒ እንዲህ የሆነ ነው፤ ከ20,000 በላይ ወጥቷል፣ ዓመቱና ጽሑፉ ያለ ማጉያ ድርብ ሆኖ ይታያል። በ1972ም አለ። ከጥቅል የመውጣት ዕድል ያለው የ1995ቱ ነው።

በብዛት የሚገኘው ግን ሌላ ነው። ማህተሙ ልል ሆኖ ሳንቲሙን ከመታ በኋላ ሲንቀሳቀስ የፊደሉን ጎን ይደፈጥጠዋል። እውነተኛው መንታ ክብ ጀርባ ያለው ሁለት ፊደል ነው፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ፊደሉም ይሰፋል። ሐሰተኛው ጠፍጣፋ ደረጃ ነው፣ ፊደሉን ያቀጥነዋል። በ1955 ስም የሚሸጥ ሌላም አለ፦ የመጨረሻዋ 5 ብቻ ጥላ ያላት። ያ ማህተም ሲያረጅ የመጣ ነው፣ ብዙም አያወጣም።

2009

ለሁለት መቶኛው ዓመት አራት ጀርባ ወጣ፦ ኬንታኪ የተወለደበት የግንድ ቤት፣ ኢንዲያና ግንድ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ወጣት፣ ኢሊኖይ በስፕሪንግፊልድ ምክር ቤት ፊት የቆመ ጠበቃ፣ ዋሽንግተን ጉልላቱ ያላለቀው ካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ)። ኢኮኖሚው ስለወደቀ የሳንቲም ፍላጎት ቀንሶ ነበር፤ አራቱ አንድ ላይ 2.354 ቢሊዮን ብቻ ናቸው። ክፍፍሉ እኩል አይደለም፦ የግንድ ቤቱ 634.8 ሚሊዮን፣ ወጣቱ 739.6፣ ጠበቃው 652፣ ካፒቶሉ 327.6። ስለዚህ ካፒቶሉ ከተገኘ፣ ቢቆሽሽም፣ የተሻለ እስኪመጣ ይያዛል።

ጋሻው

አራቱን ያዘዘው የ2005 ሕግ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ጀርባ ሊንከን አገሪቱን አንድ አድርጎ መጠበቁን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ከ2010 ጀምሮ የሊንዳል ባስ ጋሻ የገባው በዚህ ነው፤ የቀረጸው ጆሴፍ ሜና። ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ አሠራሩ ግን ዝቅ ያለና ባዶ ሜዳ የበዛበት ነው፤ የልባጥ እብጠት ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በ2017 ሚንቱ 225ኛ ዓመቱን ሲያከብር የፊላዴልፊያ ምልክት ፒ ፔኒ ላይ ለመጀመሪያና ለዚያ ዓመት ብቻ ተቀመጠ። ከዓመቱ በታች ስለሆነ ማጉያ አያስፈልገውም። በ2024 የበጀት ዓመት አንዱን ፔኒ ማምረት 3.69 ሴንት ይፈጅ ነበር።

ሰሌዳውን መቁረጥ

እንጨትና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) አይሆኑም፤ የሚለቁት አሲድ ያለው ትነት መዳብን ያጠቁራል። የሥዕል ማቀፊያ የሚሠራበት አሲድ የሌለበት ካርቶን ይሻላል። ሳንቲሞቹ መጀመሪያ 19 ሚሊሜትር ጠንካራ ክዳን ውስጥ ይገባሉ፤ ቀዳዳው የሚለካው በክዳኑ የውጭ ስፋት ነው፣ በሳንቲሙ አይደለም። ካሊፐሩ ያነበበው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ተጨምሮ መጀመሪያ ቁራጭ ካርቶን ላይ ይሞከራል። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ፣ በተለይ የሚሸተው፣ አረንጓዴውን ቅባት የሚያመጣው እሱ ነው። በካርቶን መያዣ የሚጠቀም ካለ የስቴፕለሩን ጫፍ በጉጠት ይደፍጥጠው፣ አለበለዚያ ጎረቤቱን ይጭራል።

የተረፈው

ከ1982 በፊት ካሉት አንድ ኪሎ መዳብ ለማግኘት ወደ 340 ፔኒ ይበቃል። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ግን ፔኒና ኒክል ማቅለጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አምስት ዓመት እስር ይደርሳል። ከአገር ማስወጣትም ተገድቧል፦ መንገደኛ ይዞ የሚወጣው እስከ 5 ዶላር፣ ለሰብሳቢነት ከሆነ እስከ 25። ለአዲስ አበባ ወዳጅ ሙሉ ሰሌዳ መውሰድ አያስቸግርም፣ የመዳብ ሳጥን ግን አይቻልም። የማያስፈልገው ወደ ባንክ ሲመለስ ጥቅሎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፣ የራስህን መልሰህ እንዳትገዛ።

የቀረው ቦታ

አሁን ባዶ የሆነው ሁለተኛው ቀዳዳ ነው፣ 1909–1917። ከጥቅል የሚወጡት ስንዴዎች አብዛኛው የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ናቸው፤ ይህን ከሻጭ መግዛት ሳያስፈልግ አይቀርም። የሚፈለገው ዓመቱ ሙሉ የሚነበብ፣ ከስንዴው መስመሮች ቢያንስ ግማሹ የቀረለት፣ ቀለሙ ጠርዝና መሃሉ ላይ አንድ ዓይነት ቡናማ የሆነ ነው። ፊደሎቹ ዙሪያ ሮዝ፣ ሜዳው ቡናማ ከሆነ ታሽቶ በኋላ የተቀለመ ነውና ይመለስ። ከ1914 ዴንቨር መራቅ ይሻላል፤ ከ1944 ላይ የመጀመሪያዋን 4 ቆርጠው 1 የሚያደርጉት በጣም ብዙ ነው። እንዲህ የተቆረጠው በ9 እና በ1 መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፣ ትከሻውም ላይ በ1914 ሊኖር የማይችለው ቪ.ዲ.ቢ. ይገኛል።